ከምጣዱ ሥር ያለው ሥራ

እንፍራንዝ ሲነጋ መጀመሪያ የሚታየው ጭስ ነው። ከጎንደር ወደ ባሕር ዳር የሚወስደው አስፋልት ከተማዋን ለሁለት ከፍሎ ያልፋል። ገና የሚኒባስ ረዳቶች መጣራት ሳይጀምሩ ከመንገዱ ግራና ቀኝ ካለው ማድቤት ሁሉ ጭስ እየተነሣ፣ በበላይ በኩል የጉዛራን ኮረብታ፣ በታች በኩል ወደ ጣና የሚወርደውን ሜዳ ያለብሰዋል። በዚያ ሰዓት አክስቴ ማድቤት ናቸው። እንጀራ በሳምንት ሁለት ቀን ይጋግራሉ።

ባለፈው ስሄድ ያገኘኋቸው በርጩማ ላይ ተቀምጠው፣ ፊታቸውን ከእሳቱ መልሰው፣ የነጠላቸውን ጫፍ ዓይናቸው ላይ ይዘው ነበር። ምጣዱ በሦስት ጉልቻ ላይ ተጥዷል። ኩበትና የባሕር ዛፍ ጭራሮ ከሥሩ ይነዳል፤ ነበልባሉ በጉልቻዎቹ መሐል እየወጣ የማድቤቱን ግድግዳ ይልሳል። ከጥጉ ላይ ግን በሲሚንቶ የተሠራ የምርጥ ምድጃ ክፍሎች ተደርድረው አየሁ። ከላያቸው የሽንኩርት ጆንያ ተቀምጦባቸዋል።

«ይሄ ምድጃ ምን ሆነ?» አልኳቸው።

«አፉ ተሰበረ፤ እንጨት የሚገባበት በኩል። ሌላው ሁሉ ደህና ነው።»

«ታዲያ ለምን አላስጠገኑትም?»

አክንባሎውን አንሥተው እንጀራውን በሰፌድ አወጡና፣ ምጣዱን በማሰሻ ጠርገው ሲያበቁ መለሱልኝ። «ማን ጋ ልውሰደው ልጄ? ያመጡት ሰዎች ሥራቸውን ጨርሰው ሄዱ።»

ስለ አረንጓዴ ኃይልና ስለ ሥራ ፈጠራ ብዙ ስብሰባ ተቀምጫለሁ፤ ብዙ ዕቅድም አንብቤያለሁ። «ማን ጋ ልውሰደው?» ለሚለው ጥያቄ መልስ ያስቀመጠ ግን እምብዛም አላጋጠመኝም። ሥራው ያለው እዚያ ጥያቄ ውስጥ መሆኑን የተረዳሁት እንፍራንዝ ቆይቼ ነው።

ምርጥ ምድጃ በኢትዮጵያውያን የኃይል ባለሙያዎች በ1980ዎቹ ተጠንቶ የወጣ፣ በኋላም በጀርመን የቴክኒክ ትብብር ድርጅት እገዛ በየክልሉ የተሰራጨ ሥራ ነው። አራት ክፍሎች ተገጣጥመው ምጣዱ የሚቀመጥበትን ክብ ይሠራሉ፤ ሁለቱ ደግሞ ከኋላ ሆነው ጭሱን ያስወጣሉ፣ ድስትም ይጣድባቸዋል። እሳቱ ስለሚታፈንና ሙቀቱ ወደ ምጣዱ ብቻ ስለሚሄድ፣ በጉልቻ ከሚነደው እንጨት እስከ ግማሽ ያተርፋል። የሚሠራው ከሲሚንቶና ከቀላል የእሳተ ገሞራ አሸዋ ነው። ከውጭ የሚመጣ ነገር የለበትም። የብረት ሞልድ፣ ወንፊት፣ አካፋ፣ ውኃና ልምድ ያለው እጅ ካለ ይሠራል።

በኢትዮጵያ ቤቶች ውስጥ ከሚቃጠለው ኃይል ከግማሽ በላይ የሚሆነው የሚያልቀው እንጀራ በመጋገር ላይ ነው። የአገሪቱ ኃይል ወደ ዘጠና በመቶ የሚጠጋው ዛሬም ከእንጨት፣ ከኩበት፣ ከሰብል ተረፈ ምርትና ከከሰል ይመጣል። በሰሜን ጎንደር ደጋ እንጨቱ ከተመናመነ ቆይቷል፤ እሳቱን የያዘው ኩበት ነው። ኩበት ነደደ ማለት ደግሞ ማሳው ማዳበሪያውን አጣ ማለት ነው። ገበሬው በጥር ያነደደውን በሰኔ ከሱቅ በብር ይገዛዋል። እዚህ አገር ላይ አንድ ሰው ስለ አረንጓዴ ኃይል ቢያወራ፣ መጀመሪያ ማውራት ያለበት ስለ ምጣድ ነው ብዬ አምናለሁ።

መንግሥትም ይህን አልሳተም። በ2004 ዓ.ም. ደርባን ላይ ይፋ የሆነው ለአየር ንብረት ለውጥ የማይበገር አረንጓዴ ኢኮኖሚ ስትራቴጂ ቅድሚያ ከሰጣቸው አራት ጉዳዮች አንዱ የገጠር ማብሰያ ነበር። እስከ 2007 ዓ.ም. 9 ሚሊዮን ምድጃ እናሰራጫለን የሚል ግብም ተቀምጦ ነበር። ግቡ የሚቆጥረው የተሰራጨውን ምድጃ ነው። የተሰበረውን፣ የተጠገነውን፣ ጠጋኙንም አይቆጥርም። የአክስቴ ምድጃ ተቆጥሯል። ዛሬ የሽንኩርት ማስቀመጫ መሆኑ ግን የትም አልተጻፈም።

ምድጃውን የሠራውን ሰው ማግኘት አልከበደኝም። እንፍራንዝ ሰው የሚጠፋባት ከተማ አይደለችም። ከመንገዱ በላይ በኩል ብሎኬት ሲደረድር አገኘሁት፤ አርባዎቹ መጀመሪያ ላይ ያለ ግንበኛ ነው። ቱምቢውን ከእጁ ሳያስቀምጥ አዋራኝ። ሥልጠና ወስዶ፣ ከአምስት ጓደኞቹ ጋር ማኅበር መሥርቶ፣ ሞልድ ተሰጥቶት ነበር። ለሁለት ዓመት ያህል የሠሩትን ሁሉ አንድ ፕሮጀክት ጠቅልሎ ይገዛቸው ነበር። «ገዢ ፍለጋ ሄደን አናውቅም» አለኝ። «እኛ እናመርታለን፣ እነሱ ጭነው ይወስዳሉ። የት እንዳደረሱት እንኳ አንጠይቅም ነበር።» ፕሮጀክቱ ሲያልቅ ገዢው አብሮ አለቀ። ማኅበሩ ተበተነ። ሁለቱ ወደ መተማ ለሰሊጥ ሥራ ወረዱ፣ አንዱ ባጃጅ ያዘ፣ እሱ ወደ ግንበኝነቱ ተመለሰ።

የእጁን ሥራ በቅርብ ላየ ሰው ይህ ያስቆጫል። ሞልዱን በተቃጠለ ዘይት ይቀባዋል። አሸዋውን በወንፊት ነፍቶ ከሲሚንቶው ጋር በደረቁ ያሽና ውኃ ጠብ ጠብ ያደርግበታል፤ በጭብጥ ሲይዙት የሚቆም፣ ከጣት መሐል ግን የማይፈስ መሆን አለበት። ከዚያ እየጠቀጠቀ ይሞላዋል። ሞልዱ ሲፈታ የወጣውን ክፍል ጥላ ውስጥ አስቀምጦ እርጥብ ጆንያ ያለብሰዋል፤ ለቀናት ጠዋትና ማታ ውኃ ያጠጣዋል። ከሁሉም በላይ ሰዎች የሚቸኩሉበት ይህ ውኃ ማጠጣት ነው። ሲሚንቶው ሳይጠጣ የደረቀ ምድጃ እሳት ሲነካው ይሰነጠቃል፤ መጀመሪያ የሚሄደውም አፉ ነው። የአክስቴን ስነግረው ራሱን ነቀነቀ። «በጥድፊያ ጊዜ የሠራነው ይሆናል። የወሩን ቁጥር ማድረስ ነበረብን።»

ከእንፍራንዝ በላይ ያለው የጉዛራ ቤተ መንግሥት በአፄ ሠርጸ ድንግል ዘመን፣ ጎንደር ከመቆርቆሯ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በፊት፣ በድንጋይና በኖራ የተገነባ ነው። የዚያ ግንብ ግድግዳ ከአራት መቶ ዓመት በላይ ቆሟል። በሐተታው እንደሚነበበው ፈላስፋው ዘርአ ያዕቆብ ከተሰደደበት ዋሻ ወጥቶ ኑሮውን የመሠረተው እዚሁ እንፍራንዝ ነው፤ ሀብቱ የሚባል ባለጸጋ ቤት ገብቶ በእጁ ሥራ፣ መጽሐፍ በመጻፍ አደረ። አገሩ የእጅ ሙያ ሲያጣ የኖረ አገር አይደለም።

ግንበኛው የሠለጠነው በምድጃ ብቻ አልነበረም፤ ባዮጋዝም ሠርቷል። ብሔራዊው የባዮጋዝ ፕሮግራም በ2001 ዓ.ም. ገደማ በአማራ፣ በኦሮሚያ፣ በትግራይና በደቡብ ክልሎች ሲጀመር በመጀመሪያው ምዕራፍ 14 ሺህ ማብላያ ለመገንባት አቅዶ ነበር፤ የደረሰበት ከዚያ በብዙ ያነሰ ነው። ቴክኖሎጂው ከኔፓል የመጣ፣ ለእኛ ተስተካክሎ «ስንዱ» የሚል ስም የወጣለት ነው። በአንድ ጉድጓድ ላይ የሚፈሰው ሙያ ቀላል አይደለም። ጉድጓዱ ይቆፈራል፣ ዙሪያው በድንጋይ ይገነባል፣ ውስጡ አፈር ተሞልቶ እንደ ጉልላት ይከመራል፤ ኮንክሪቱ የሚፈሰው በዚያ አፈር ላይ ነው። ሲጠነክር አፈሩ ከውስጥ ተዝቆ ይወጣል። ከዚያ ግንበኛው ገብቶ የጉልላቱን ሆድ ደጋግሞ ይለስነዋል። ውኃ የማያሳልፍ ግድግዳ ብዙ ሰው ይሠራል፤ ጋዝ የማያሳልፍ ጉልላት ግን የመርፌ ቀዳዳም አይምርም።

6 ሜትር ኩብ የሚይዝ ማብላያ በቀን ከ40 እስከ 60 ኪሎ እበት ይፈልጋል፤ ያንኑ ያህል ውኃም አብሮ። አራት ከብት ላለው ሰው እበቱ አያንስም። የሚያንሰው ውኃው ነው፤ ውኃውን የምትቀዳዋም ሴቷ ናት። ጋዙ ሻይ ያፈላል፣ ወጥ ይሠራል፣ መብራት ይሰጣል። እንጀራ መጋገር ላይ ግን ለብዙ ጊዜ ደክሟል፤ ለሰፊ ምጣድ የሚበቃ ነበልባል በየቤቱ ማድረስ ቀላል አልሆነም። ስለዚህ ባዮጋዝ የገባበት ቤትም ለእንጀራው ጉልቻውን አላነሣም። ማብላያውን ካሠሩት ዘመዶቼ አንዱ ቤት ሦስት ዓመት በደንብ ሠርቶ ቆመ። ጉልላቱ ደህና ነው፤ የተበላሸው የጋዝ መክፈቻው ነው፤ መዳፍ የማትሞላ ዕቃ። እንፍራንዝ አልተገኘችም፣ ማክሰኚት አልተገኘችም። ያመጣ ነጋዴም አልነበረም፤ ስንት እንደሚሸጥ የሚያውቅ ስለሌለ። እበቱ እንደገና ኩበት ሆነ።

ከዚህ ጋር ሳነጻጽረው የሰሜን ሸዋዋ ረማ ትዝ ትለኛለች። በ1990ዎቹ መጨረሻ ላይ የፀሐይ ኃይል ፋውንዴሽን በዚያች የአማራ ክልል ገጠር መንደር ለየቤቱ ሶላር ሲያስገባ፣ አብሮ የሶላር ትምህርት ቤት ከፈተ። ወጣቶቹ መግጠምና መጠገን ተማሩ። ባለቤቶቹ በየወሩ ትንሽ ክፍያ ያዋጡ ነበር፤ ያ ክፍያ ጠጋኙን ያቆየው ነበር። ኩራዝ ከነጥላሸቱ ወጣ፣ አምፖል ገባ፤ አምፖሉ ሲጠፋም «ማን ጋ ልውሰደው» የሚል አልነበረም፤ ጠጋኙ መንደሩ ውስጥ ነበር። የረማን ሥራ ከብዙ ፕሮጀክት የምለየው በዚህ ነው፤ መጀመሪያውኑ ለብልሽት በጀት ያዙለት።

በውጭው ዓለምም ቢሆን ሥራው የሚከማቸው ዕቃው በሚሠራበትና በሚጠገንበት ነው። ዓለም አቀፉ የታዳሽ ኃይል ኤጀንሲ በ2017 ዓ.ም. ባወጣው ቆጠራ በዓለም ላይ በታዳሽ ኃይል የሚሠሩ ሰዎች 16.2 ሚሊዮን ደርሰዋል፤ ግማሽ የሚጠጉት ቻይና ናቸው፤ የሶላር ፓኔሉን የምትሠራው እሷ ናትና። ባንግላዴሽ ደግሞ ከአራት ሚሊዮን በላይ የገጠር ቤቶች ላይ ሶላር ሰቅላ እጅግ ብዙ ቴክኒሻን አሰማርታ ነበር፤ የመንግሥት መስመር መንደሮቹ ሲደርስ ያ ሥራ በአጭር ጊዜ ኮሰመነ። እኛም መጋቢት 2011 ዓ.ም. በወጣው ሁለተኛው የኤሌክትሪፊኬሽን ፕሮግራም ከሕዝቡ 35 በመቶውን ከዋናው መስመር ውጪ ባለ ኃይል ለመድረስ ስናቅድ፣ መስመሩ በደረሰ ጊዜ የዚያ ቴክኒሻን ዕጣ ምን ይሆናል ብለን ማሰብ ነበረብን።

መስመሩ ደግሞ እየመጣ ነው። መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. መሠረቱ የተጣለው ታላቁ የሕዳሴ ግድብ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ሲመረቅ 5,150 ሜጋ ዋት ይዞ ነው። ከጣና ማዶ ያለው በለስ 460 ሜጋ ዋቱን በ2002 ዓ.ም. ጀምሯል። ግድብ በሚገነባበት ጊዜ በሺዎች ይቀጥራል፤ ከተገነባ በኋላ የሚያንቀሳቅሱት ጥቂት ባለሙያዎች ናቸው። ይህ የግድብ ጉድለት አይደለም፤ ጠባዩ ነው። ከግድቡ ሥራ የሚወለደው ኃይሉ ሲወርድ፣ ሽቦው ቤት ሲገባና ከሶኬቱ ጫፍ ላይ አንድ ነገር ሲሰካ ነው። በእኛ አገር ያ ነገር፣ አሁንም፣ ምጣድ ነው።

አንድ የኤሌክትሪክ ምጣድ ወደ 3.5 ኪሎ ዋት ይስባል። አንድ ሚሊዮን ምጣድ በአንድ ጠዋት ቢጣድ 3,500 ሜጋ ዋት ነው፤ ከሕዳሴ ግድብ ሙሉ አቅም ሁለት ሦስተኛው። የኤሌክትሪክ ታሪፉም ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ጀምሮ ለአራት ዓመት ደረጃ በደረጃ እንዲጨምር ተወስኗል። ስለዚህ በጥቂት ኃይል የሚጋግር፣ ሙቀቱን ለማድቤቱ አየር የማይበትን ምጣድ የሚሠራ ሰው ለእኔ የኃይል ማመንጫ ያህል ዋጋ አለው።

ጎንደር ፒያሳ አጠገብ እንዲህ ያለ አንድ ወጣት አየሁ። የሱቁ ስፋት ከሁለት በር አይበልጥም። ደጁ ላይ የተገለበጡ ምጣዶች ተደግፈው ቆመዋል። ከሸክላው ጀርባ እንደ ቀንድ አውጣ ቤት የሚጠማዘዝ ቦይ አለ። ወጣቱ የተቃጠለውን ሽቦ ከቦዩ ላይ በጥፍሩና በቢላ ጫፍ ፈልፍሎ ያወጣል፤ አዲሱን ጥቅል በሜትር ለክቶ፣ ጠምዛዛውን እኩል ሳብ ሳብ እያደረገ ይዘረጋዋል። «አንድ ቦታ ከተጠጋጋ እዚያ ላይ እንጀራው ያርራል፤ ከተራራቀ ዓይን አያወጣም» አለኝ። ከዚያ ጀሶ በጥብጦ ያለብሰዋል። ከኤሌክትሪክ ትምህርት ይልቅ የእንጀራ ዓይን ያስተማረው ይመስላል። በቀን ስንት እንደሚጠግን ስጠይቀው፣ መብራት ካለ እንደማይቀመጥ ነገረኝ። ማንም አላሠለጠነውም፤ ከአጎቱ ነው የተማረው። በየትኛውም የአረንጓዴ ሥራ ቆጠራ ውስጥ ያለ አይመስለኝም።

ሽቦው ግን ከውጭ ይመጣል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪው ለገበያ ሲለቀቅ አንድ ዶላር ከ57 ብር ተነሥቶ በአንድ ወር ውስጥ መቶን አለፈ። የሶላር ፓኔሉ፣ ባትሪው፣ ሽቦው ሁሉ አብሮ ወጣ። በአካባቢው አሸዋና በአገር ሲሚንቶ የሚሠራው ምድጃ ያን ያህል አልተናወጠም፤ የእሱ ጠላት የሲሚንቶ ዋጋና መንገድ ነው። ክልሉ ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ ጦርነት ውስጥ ነው። መንገድ ተዘጋ ሲባል ሲሚንቶው የሚቀረው መንገድ ላይ ነው፤ ሥራ ያጣው ልጅም የት ሊሄድ እንደሚችል ሁላችንም እናውቃለን። ስለዚህ በወረዳችን ስለ ሥራ የሚነሣ ነገር ሁሉ እኔ ዘንድ የምጣኔ ሀብት ጉዳይ ብቻ ሆኖ አይቀርም።

ብድርም አለ። የቀድሞው የአማራ ብድርና ቁጠባ ተቋም (አብቁተ)፣ የዛሬው ፀደይ ባንክ፣ ለባዮጋዝ ሠሪ ገበሬዎች ሲያበድር ኖሯል። ወጣቱ ግን ብዙውን ጊዜ ብድር የሚያገኘው ተደራጅቶ ነው። የማይተዋወቁ አምስት ልጆች ስም አጠራቅመው ማኅበር ይሆናሉ፣ ሼድ ይጠብቃሉ፣ ብሩን ይካፈላሉ፣ ይለያያሉ። ግንበኛው ይህን ሲነግረኝ አልተማረረም፤ «ሙያ ለአምስት አይካፈልም» ብቻ አለኝ። ለአንድ የታወቀ ባለሙያ ለአሥር ከረጢት ሲሚንቶ የሚሆን የዱቤ መስመር ቢከፈትለት ከአምስት ሰው ማኅበር ይልቅ ሥራ ይፈጥራል ባይ ነኝ። አንድ ረዳት ይቀጥራል፤ ረዳቱም በሁለት ዓመቱ ሞልድ ይገዛል።

ሳልጠቅሰው የማላልፈው ነገር ደግሞ አለ። በጎንደር ዙሪያ ሸክላው በወለቃና በመሰል መንደሮች የቤተ እስራኤል ሴቶች ሙያ ነበር፤ ብረቱም የወንዶቻቸው። አገሩ በሠሩት ምጣድ እየጋገረ፣ በቀጠቀጡት ማረሻ እያረሰ፣ ቡዳ ይላቸው ነበር። አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጅን መስደብ የሚከለክል አዋጅ አውጥተዋል። አዋጁ ከወጣ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል። ዛሬም ግን ዲግሪ የያዘ ልጅ ምድጃ ይሠራል ሲባል ቤተሰቡ ዝም ይላል፤ «ሥራ ይዟል?» ሲባሉም «እየፈለገ ነው» ይላሉ። ልጁ ግን እየሠራ ነው። ይህን ዝምታ ሰምቼዋለሁ፤ አሳዝኖኛልም።

ከእንፍራንዝ ከመመለሴ በፊት ግንበኛው አክስቴ ቤት መጣ። የተሰበረውን አፍ በሲባጎ ለካ፣ የቀሩትን ክፍሎች ከሽንኩርቱ ሥር አውጥቶ እያንኳኳ ድምፃቸውን ሰማ። ሞልዱን ከቤቱ ጓሮ ስናወጣው ዝጎ ነበር፤ አንዱ ማጠፊያው ወልቋል። ብየዳ ቤት ወሰድነው። መብራት አልነበረም። ማታ ሦስት ሰዓት ላይ ሲመጣ በያጁ አስጠራን፤ ማጠፊያው ተበየደ።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት አክስቴን አስከትዬ ሄድኩ። ከግንበኛው አጥር ሥር፣ ጥላው ውስጥ፣ እርጥብ ጆንያ ተዘርግቷል። ገልጦ አሳየን፤ የምድጃ አፍ ነው፣ ግን አራት።

«የኔ አንድ ነው» አሉ አክስቴ። «ሦስቱ የማን ናቸው?»

«ያዘዘኝ ሰው የለም እትዬ» አለ፣ ውኃ በጣሳ እየረጨባቸው። «የማን ማን ምድጃ እንደተሰበረ ግን አውቃለሁ።»